የውሻ ዘመዶችና የልጆቻችን ጤንነት

በዳንግላና በእንጅባራ ከተሞች ውሻ የግቢ ጠባቂ ነው። በገጠሩ ደግሞ የዋሸራ በግ ለሚያረባው ገበሬ የእረኛው ረዳት ነው። ግልገል የሚነጥቀው ቀበሮና ቀበሮውን የሚያባርረው ውሻ ግን የአንድ ቤተሰብ ልጆች መሆናቸውን ብዙዎቻችን ልብ አንለውም።

ውሻ፣ ተኩላ፣ ቀበሮና በአሜሪካ የሚኖረው ኮዮት በአንድ ወገን የሚመደቡ እንስሳት ናቸው። ተራ ቀበሮ የምንለውን አውሬ ሊቃውንት ለረጅም ጊዜ ከእስያው ቀበሮ ጋር አንድ ያደርጉት ነበር፤ በ2007 ዓ.ም. የታተመ የዘር ምርመራ ግን ለተኩላ ይበልጥ እንደሚቀርብ አሳይቷል። ጅብ፣ ምንም ውሻ ቢመስል፣ ዝምድናው ወደ ድመት ያደላል።

ይህ ለእናቶች ምን ይጠቅማል ቢሉ፣ ዘመዳሞቹ በሽታም ይወራረሳሉ። የእብድ ውሻ በሽታ ማንኛውንም አጥቢ እንስሳ ይይዛል፤ በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ግን በንክሻ በቀላሉ ይዛመታል። በ1996 ዓ.ም. ከመንደር ውሾች የተነሣው በሽታ በባሌ የዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ ጨርሷል። ከውሻ ወደ ዱር የሄደው በሽታ ከዱርም ወደ ውሻ፣ ከውሻም ወደ ልጅ ይመጣል።

ተዋሲው ከቁስሉ ተነሥቶ በነርቭ በኩል ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል። ጉዞው ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ወር ይፈጃል፤ ፊት ወይም ራስ ላይ የተነከሰ ሕፃን ግን መንገዱ አጭር ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል። ክትባቱ የሚያድነው ተዋሲውን በመንገድ ላይ ስለሚቀድመው ነው። የፈረንሳዩ ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 አንድ የ9 ዓመት ልጅ የከተበው በዚህ መንገድ ነበር።

ስለዚህ ልጅ ሲነከስ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በብዙ ውኃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያም ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ያስፈልጋል። ቅጠል መለጠፍ ወይም ቡና መነስነስ አይገባም። መድኃኒት ዐዋቂ ፍለጋ የሚባክነው ቀን ነው ብዙ ሕይወት የሚያስከፍለው። ውሻው ጤነኛ መስሎ ቢታይም ለ10 ቀን ይጠበቅ፤ የልጁ ክትባት ግን እርሱን አይጠብቅም።

ልጆች ውሻውን በድንጋይ መትተው ከሆነ ቁጣ ፈርተው ንክሻውን ይደብቃሉ። ቁጣው ለሌላ ቀን ይቆይና ገላቸውን ሲያጥቡ እግርና እጃቸውን ይመልከቱ። ጫር ያደረገች ጥርስም ትበቃለች።

ቡችላ 3 ወር ሲሞላው ይከተባል፤ ከዚያም በየዓመቱ ይደገማል። በአካባቢው የእንስሳት ክሊኒክ ክትባቱ ካለቀ መቼ እንደሚመጣ ጠይቆ ቀኑን መያዝ፣ እስከዚያውም ውሻውን አስሮ ማቆየት ነው።