ፊርማው ተሟልቷል፤ በረኪናውስ?

በዓመት አንድ ጊዜ የላብራቶሪ ሠራተኞች ወደ ስብሰባ አዳራሽ ይጠራሉ። ፕሮጀክተሩ ይበራል፣ የጀርሞች የአደጋ ደረጃ ከአንድ እስከ አራት ይዘረዘራል፣ የደኅንነት ካቢኔቶች በሥዕል ይታያሉ። ፊርማ ይሰበሰባል፣ አበል ይከፈላል፣ ሰርተፊኬት ይታደላል። ከዚያ በኋላ የሚጻፈው ሪፖርት የሠልጣኞችን ቁጥር ይናገራል፤ አደጋው ስለመቀነሱ ግን ትንፍሽ አይልም። ዓመታዊው የባዮሴፍቲ ሥልጠና ደኅንነት ተብሎ የሚቆጠረው እንዲህ ነው።

ይህ አሠራር በሰሜን ወሎዋ ቆቦ ላይ ሲመዘን ይቀልላል። ከተማዋ ያለችበት ራያ ቆላ የወባ አገር ነው። የላብራቶሪ ባለሙያው ደም ይወስዳል፣ ስላይድ ይቀባል፣ የሳንባ ነቀርሳ የተጠረጠረበትን ሰው አክታ ይቀበላል። ለዚህ ሁሉ የዕለት መከላከያው በረኪና ነው። 5 በመቶ የሆነው በረኪና አንድ እጁ በዘጠኝ እጅ ውኃ ሲበጠበጥ 0.5 በመቶ ይሆናል፤ ይህን የማያውቅ ባለሙያ የለም። ችግሩ ክሎሪን በሙቀትና በብርሃን መድከሙ ነው። በቆላ መጋዘን ለወራት የተቀመጠ በረኪና ጀሪካኑ ላይ የተጻፈውን ጉልበት ይዞ አይቆይም። ቀመሩ ቢሸመደድም የደከመ በረኪና ጀርም አይገድልም።

ነገሩ የቆቦ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 በቻይና ላንጆ ከተማ አንድ የእንስሳት ክትባት ፋብሪካ ጊዜው ያለፈበት ፀረ ጀርም በመጠቀሙ የብሩሴላ ባክቴሪያ ከአየር ማስወጫው ወጣ፤ ከ10 ሺህ በላይ ሰዎች በምርመራ ተገኘባቸው። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ የዓለም ላብራቶሪዎች የሚመሩበትን የደኅንነት መጽሐፍ ከሚያዘጋጁት አንዱ የሆነው የአሜሪካ በሽታ መከላከያ ማዕከል በአግባቡ ያልተገደለ የአባ ሰንጋ ባክቴሪያ ወደ ሌሎች ክፍሎቹ ላከ፤ በደርዘን የሚቆጠሩ ሠራተኞቹም ለአደጋ ተጋለጡ። እዚያ የጎደለው ሰርተፊኬት አልነበረም፤ ባክቴሪያው መሞቱን የሚያረጋግጥ አሠራር ነው። የዓመታዊው ሥልጠና የመጀመሪያ ግድፈትም ይህን አለመፈተሹ ነው።

ሁለተኛው ግድፈት የሚጠራው ሰው ነው። ኢትዮጵያ ከፈንጣጣ የተላቀቀችው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ በዚያው በሽታ በዓለም የመጨረሻዋ ሟች የሆነችው ጃኔት ፓርከር የበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፎቶግራፍ አንሺ ነበረች፤ የምትሠራውም ከፈንጣጣ ላብራቶሪው በላይ ባለው ፎቅ ነው። ተመራማሪ አልነበረችም። በእኛም ላብራቶሪዎች ያገለገሉ መርፌዎች የሚጣሉበትን ሴፍቲ ቦክስ ተሸክማ ወደ ማቃጠያው የምትወስደው፣ የፈሰሰውን የምትወለውለው የጽዳት ሠራተኛ ናት፤ የአዳራሹ ጥሪ ወረቀት ግን ብዙውን ጊዜ እሷ ዘንድ አይደርስም።

ሦስተኛው፣ አንድ ሥልጠና ለሁሉም መሰጠቱ ነው። ቆቦ ላይ የማሽላ ሙከራ ለሚያካሂደው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ባለሙያ ስለ ኢቦላ የሚሰጥ ገለጻ ምን ይፈይድለታል? የእሱ ስጋት የማሽላ ጥገኛ አረም የሆነው አቀንጭራ ነው። አንድ የአቀንጭራ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ብናኝ መሰል ዘር ያፈራል፤ ዘሩ አፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል፤ በጫማና በናሙና ከረጢትም ይጓዛል።

በዚህ ላይ የሰሜኑ ጦርነት ያደረሰው ጉዳት አለ። ከ2013 ክረምት እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በሰሜን ወሎ ጤና ተቋማት ተዘረፉ፣ መብራት ተቋረጠ። የደኅንነት ካቢኔት ያለ ኤሌክትሪክ ተራ ሣጥን ነው፤ አውቶክሌቭም ሳይሞቅ ምንም አያመክንም። ለተዘረፈ ክፍል ባለሙያ ስለ ካቢኔት ዓይነቶች ገለጻ መስጠት ምጸት ነው።

«ታዲያ ሥልጠናው ይቅር?» የሚል ይኖራል። አይቅር። አዲስ ሠራተኛ መሠረቱን መማር አለበት፤ ጥራት አረጋጋጮችም የሥልጠና መዝገብ ይጠይቃሉ። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው የላብራቶሪ ደኅንነት መመሪያ አራተኛ እትም ራሱ መነሻው የእያንዳንዱ ቦታና ሥራ አደጋ ግምገማ እንዲሆን ይጠይቃል። ይህ አዳራሽ ውስጥ አይሠራም።

ስለዚህ ለአዳራሽና ለአበል የሚወጣው ገንዘብ ከፊሉ ወደ ክፍሉ ይምጣ። አሠልጣኙ ወደ ቆቦ ይውረድ፤ የጽዳት ሠራተኛዋ ባለችበት ናሙና እንደፈሰሰ ተደርጎ ልምምድ ይካሄድ፤ የበረኪናው ጉልበት በክሎሪን መለኪያ ወረቀት፣ የአውቶክሌቩ ሙቀት በጠቋሚ ይፈተሽ። የዓመቱ ሪፖርትም ከሠልጣኞች ቁጥር በፊት ስንት መርፌ ሰው እንደወጋ፣ ውኃና መብራት ስንት ቀን እንደጠፋና የተገኘው ጉድለት በማን በጀት እንደተጠገነ ይጻፍበት።