የኛን ሾፌር የማያውቀው ሒሳብ

በማለዳ በአቃቂ በሰቃ ቆሞ ወደ ቢሾፍቱ የሚወስደውን አሮጌ መንገድ የተመለከተ ሰው ብዙ ነገር ይማራል። ተሳቢ ያስከተለው የጭነት መኪና በዝግታ ይጓዛል፤ ሚኒባስ ታክሲው በግራ ወጥቶ ይቀድመዋል፤ ነገር ግን ገና ቀድሞ ሳይጨርስ አንድ ተሳፋሪ በቀኝ በኩል እጁን ቢያነሣ፣ ወዲያው ከፊቱ ገብቶ ይቆማል። ረዳቱ ክንዱን በመስኮት አውጥቶ የኋለኛውን ሾፌር ይለምናል። የጭነት መኪናው ፍሬን ይይዛል፤ ከእርሱም በኋላ ያሉት ሁሉ ተራ በተራ ይቆማሉ።

ይህን አብዛኞቻችን የጠባይ ጉድለት ነው ብለን እናልፈዋለን። ለመንገድ መሐንዲስ ግን በቁጥር ሊገለጽ የሚገባው ጉዳይ ነው። በዚህ ዘመን መንገድ ሳይሠራ ወይም አደባባይ ሳይፈርስ የመኪኖቹ ጉዞ አስቀድሞ በኮምፒዩተር አምሳያ ሊፈተን ይችላል። በአምሳያው ውስጥ ያለው ሾፌር መስመር የሚቀይረው በተጻፈለት ደንብ ነው።

የዚህን ደንብ መሠረት ከጣሉት አንዱ ጊፕስ የተባለው ሊቅ ነው። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1986 ባወጣው ጥናት መሠረት ሾፌሩ ሦስት ነገር ያመዛዝናል፤ መስመር መቀየር ይቻላልን? ያስፈልጋልን? ይጠቅማልን? በ2007 ደግሞ ኬስቲንግ፣ ትራይበርና ሄልቢንግ የተባሉት ሊቃውንት የጨዋነት ቁጥር ጨመሩበት። ቁጥሩ ዜሮ ከሆነ ሾፌሩ የሚያስበው ለራሱ ብቻ ነው፤ አንድ ከሆነ በሌላው ላይ የሚያደርሰውን መጓተት ከራሱ ጥቅም ጋራ እኩል ይመዝናል። ይሁን እንጂ ቁጥሩ ምንም ቢሆን፣ የኋለኛውን ከልክ በላይ ፍሬን የሚያስይዝ ከሆነ እንዳይገባ ደንቡ ይከለክለዋል።

እንግዲህ የኛ ታክሲ ከዚህ ደንብ የት ላይ ይገኛል? አምሳያው ከፊት ያለውን መታጠፊያ ከካርታው ላይ ያውቃል፤ የተሳፋሪው እጅ ግን በካርታ ላይ የለም። የረዳቱ ክንድም ከፍሬቻ ይልቅ ቦታ ሲያስለቅቅ እናያለን። ስለዚህ በሌላ አገር መንገድ የተለካውን ቁጥር እንዳለ ወስደን ብንሠራበት፣ መንገዱ በወረቀት ላይ ይፈስሳል፤ በሰቃ ላይ ግን ይዘጋል። በዚህ ስሕተት የሚወጣው ገንዘብ የሕዝብ ነው።

ከአንድ ቦታ የተለካው ለሌላውም አይበቃም። ከዚህ ጥቂት ራቅ ብሎ ከቱሉ ዲምቱ የሚነሣው፣ በ2007 ዓመተ ምሕረት የተመረቀው የአዳማ ፈጣን መንገድ በያንዳንዱ አቅጣጫ ሦስት ሦስት መስመር አለው፤ ዳር ቆሞ ታክሲ የሚጠራ ተሳፋሪም የለበትም። ያው ሾፌር በሁለቱ መንገዶች ላይ ሁለት ዓይነት ሰው ነው።

ስለዚህ የምሕንድስና ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ከመጀመሩ በፊት ካሜራና ሰዓት ይዞ መንገድ ዳር ይቁም። ወጣቱ የመሥሪያ ቤት ሹምም የትራፊክ ጥናት ሲቀርብለት፣ «ቁጥሩ የተለካው የት ነው?» ብሎ ሳይጠይቅ አይፈርም።

የጨዋነቱን ቁጥር ግን መሐንዲሱ ይለካዋል እንጂ አያሳድገውም፤ የሚያሳድገው መሪ የጨበጠው ሰው ነው። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርምና፣ ዛሬ መግቢያ የከለከለ ሾፌር ነገ መግቢያ ለማኝ ነው።