ሳይቃጠል በቅጠል፦ ስለ ማራገቢያ ጩኸት



እንደምታውቁት ሸዋ ሮቢት ቆላ ናት። ከጣርማ በር ወርዶ ደብረ ሲናን አልፎ የሚመጣ መንገደኛ እዚህ ሲደርስ ጋቢውን ያወልቃል። ከተማችን ያለችው ወደ 1,280 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ በሙቀቱ ወራት ያለ ማራገቢያ እንቅልፍ የለም። ታዲያ ማራገቢያው ሲጮህ ብዙዎቻችን የምናደርገው ሬዲዮኑን ከፍ ማድረግ ነው። ይህ ልማድ ይቅር እላለሁ።

ድምፁ ሁሉ ምክንያት አለው። ጠቅ ጠቅ እያለ ከተወዛወዘ ቡሎኑ ላልቷል ወይም ክንፉ ተጣሟል። የጣራ ማራገቢያ ከሆነ እስኪጠብቅ ድረስ ከሥሩ ሕፃን አይተኛ። ሲጥ ሲጥ ካለ ኩሽኔታው ደርቋል፤ ከሶኬቱ ነቅሎ አቧራውን መጥረግና ጥቂት የስፌት መኪና ዘይት ጠብ ማድረግ ነው። የወጥ ዘይት አይሆንም፤ ይረጋና አቧራ ይሰበስባል። እምም እያለ የማይዞር ከሆነ ኃይሉ አንሷል፣ ካፓሲተሩ ደክሟል፣ ወይም ኩሽኔታው ተይዟል። ቶሎ ይጥፋ። መዞር ያቃተው ሞተር ሽቦው ግሎ ይቃጠላል። ከሶኬቱ ቸስ ቸስ የሚል ድምፅ ወይም የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ግን ሶኬቱን ሳይነኩ ቆጣሪው ዘንድ ያለውን ማጥፊያ ዘግቶ ባለሙያ መጥራት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ተከራይ «ቤቱ የእሱ ነው፣ ምን አገባኝ» ይላል። አከራይ ደግሞ «የሚነፍስበት እሱ ነው፣ ያሠራው» ይላል። በዚህ መሐል ማራገቢያው ይጮኻል። በአንድ ቆጣሪ ሦስት አራት ቤት የሚጠቀምበት ግቢ ስላለ፣ እሳት ቢነሣ ደግሞ አከራይና ተከራይ ብሎ አይመርጥም።

የእኔ አሳብ ይህ ነው፦ ከቤቱ ጋር የተተከለውን፣ ማለት ሽቦውን፣ ሶኬቱንና የጣራውን ማራገቢያ አከራይ ያሠራ። ተከራይ ይዞት የመጣውን ራሱ ያሠራ፤ ድምፅ ሲሰማም በዚያው ቀን ለባለቤቱ ይንገር። «ተከራይ ቢሰብረውስ?» የሚል አይጠፋም። የሰበረ ይክፈል፤ ነገር ግን ያረጀ ኩሽኔታ ማንም አልሰበረውም።

በሚቀጥለው ስብሰባ እንነጋገርበት። እስከዚያው ዛሬ ማታ ሬዲዮኑን ዝቅ አድርጋችሁ የቤታችሁን ድምፅ አዳምጡ።

የማኅበሩ ጸሐፊ