አረጋውያንን ልትጎበኙ ስትሄዱ ስለ ሌሊቱ ጠይቁ

ወዳጆቼ፣ ተማሪዎቼ የነበራችሁም፣ ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው። ጊዜ ሲኖራችሁ አንብቡት።

እዚህ ፌስቡክ ላይ አንድ ዓይነት ቪዲዮ በየሳምንቱ አያለሁ። ልደት ወይም ምረቃ ያለው ሰው ኬክ ጭኖ ወደ አረጋውያን ማዕከል ይሄዳል። ኬኩ ይቆረሳል፣ እናቶች ይመርቃሉ፣ ካሜራው እንባ ያለበት ፊት ፈልጎ እዚያው ይቆማል። ከሥር ያለው ኮሜንት ሁሉ "ተባረኩ" ነው። እኔም ተባረኩ እላለሁ፤ መሄድ ከመቅረት ይሻላል። ግን ያንን አይቶ "እዚያ ቤት ጥሩ እንክብካቤ አለ" ማለት አይቻልም። "መጥፎ ነው" ማለትም አይቻልም። ቪዲዮው የሚያሳየን ጎብኚውን ነው።

መቄዶንያን የማያውቅ የለም። ቢኒያም በለጠ በ2002 ዓ.ም በቤተሰቡ ቤት ጥቂት ሰዎችን አስጠልሎ የጀመረው ሥራ ዛሬ ከ7 ሺህ በላይ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ይዟል፤ በክልል ከተሞችም ቅርንጫፎች አሉት። በ2017 ዓ.ም ለሕንፃው ማስጨረሻ በሰይፉ ፋንታሁን ዩቲዩብ በቀጥታ ስርጭት ገንዘብ ሲሰበሰብ ስንቶቻችን ቁጥሩ ሲጨምር እያየን አመሸን! (እኛ ቡለን ያለነው ኔትወርክ በፈቀደ ሰዓት ነው እንጂ።) መንገድ ዳር ወድቆ ይሞት የነበረን ሰው አንስቶ ማጠብና ማጉረስ ትልቅ ነገር ነው፤ ይህን ለማቃለል የሚነሳ ሰው ካለ እኔ አይደለሁም።

የኔ ነገር ሌላ ነው። ስለ እንደዚህ ዓይነት ተቋማት ስናወራ የምንቆጥረው ብሩን፣ ፎቁንና የተነሳውን ሰው ብዛት ነው። እነዚህ ሁሉ ወደ ቤቱ የገቡ ነገሮች ናቸው። ከገባ በኋላ ለአንዲት እናት ከጠዋት እስከ ጠዋት ምን ይደረግላታል? እሱን የሚጠይቅ ብዙም አላይም።

መምህራን ጓደኞቼ ይሄን ቶሎ ይረዱኛል። የትምህርት ቤት ኢንስፔክሽን 26 ስታንዳርዶች አሉት፤ በግብዓት፣ በሂደትና በውጤት ይከፈላሉ። ግብዓት ክፍሉ፣ ወንበሩ፣ መጽሐፉ ነው። ሂደት ክፍል ውስጥ የሚሆነው ነው። ውጤት ልጁ ምን ተማረ የሚለው። በነገራችን ላይ ይሄ አከፋፈል ከትምህርት ውጭም አለ፤ አቬዲስ ዶናቤዲያን የሚባል ቤይሩት የተወለደ አርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ በ1966 የሕክምና ጥራት በምን ይለካ ለሚለው ያስቀመጠው ከዚህ ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። እሱም ሕንፃና መሣሪያን፣ የሚደረገውን ነገርና የታማሚውን መጨረሻ ለያይቶ አስቀመጠ። ሕንፃው ጥሩ ስለሆነ ብቻ ሕክምናው ጥሩ ነው ማለት አይደለም።

ኢንስፔክሽን ሲመጣስ ምን እንደሚሆን እናውቃለን አይደል? ግድግዳ ኖራ ይቀባል፣ የዕለት ዕቅድ በአንድ ሌሊት ይጻፋል፣ የክበባት ቃለ ጉባኤ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ፋይሉ ይሞላል። ቀን ተነግሮት የሚጎበኝ ቤት ሁሉ እንዲህ ነው። የአረጋውያን ማዕከልም ከሰው የተለየ አይደለም።

ሀብታሞቹም ቢሆኑ በዚህ ተፈትነዋል። አሜሪካ እ.ኤ.አ ከ2008 መጨረሻ ጀምሮ ለአረጋውያን መኖሪያዎች ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ ትሰጣለች። ችግሩ ምን ነበር? ስንት ሠራተኛ አለን የሚለውን ራሱ ተቋሙ ነበር የሚሞላው። ተማሪ የራሱን ፈተና አርሞ ውጤት ሲያስገባ በሉት። ኋላ ላይ መንግሥት ቁጥሩን ከደሞዝ መዝገብ መውሰድ ጀመረ። እ.ኤ.አ በ2022 ደግሞ ቅዳሜና እሁድ ስንት ሠራተኛ እንደሚገኝ ለብቻው ይቆጠር ተባለ፤ ምክንያቱም ሽማግሌ ቅዳሜና እሁድም ይርበዋል፣ ሠራተኛው ግን ይሳሳል።

"በነጻ ለሚደረግ ነገር ይሄን ያህል መጠየቅ ምስጋና ቢስነት ነው" የሚል እንደሚመጣ አውቃለሁ። የመንግሥት ትምህርት ቤትም በነጻ ነው፤ ልጃችሁ ማንበብ ሳይችል ስምንተኛ ክፍል ሲደርስ ግን ዝም አትሉም። ደግሞም ብሩ የብዙ ሰው ብር ነው። ከሁሉ በላይ ሰውየው መሄጃ የለውም። መሄጃ የሌለው ሰው የተሰጠውን ሁሉ "እግዜር ይስጥልኝ" ብሎ ይቀበላል፤ ስለዚህ የእሱ ምርቃት የጥራት ማረጋገጫ ሊሆን አይችልም።

ይሄን ሁሉ የምጽፈው በምክንያት ነው። ሰሞኑን አዲስ አበባ ያለ የቀድሞ ተማሪዬ በኢንቦክስ ጻፈልኝ። እኛ ሰፈር ያሉ አንዲት እናት አሉ፤ በ2013ቱ ችግር ልጆቻቸው ተበታትነው ብቻቸውን የቀሩ። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም በኩጂ ቀበሌ ላይ የደረሰውን እዚህ ያለ ሰው ማስታወስ አያስፈልገውም። ከመቶ በላይ ሰው ነው በአንድ ቀን ያለቀው። የሞተው ተቀበረ፤ የተረፈው ግማሹ ቻግኒ ራንች መጠለያ፣ ግማሹ ሌላ ቦታ ሄደ። ሮጦ ማምለጥ ያልቻለ ሽማግሌና አሮጊት ሰው ቤት ተጠግቶ ቀረ። እኚህ እናት እስካሁን በጎረቤት ነው የሚኖሩት። ልጁ "መምህር፣ አዲስ አበባ ማዕከል ላስገባቸው፣ መኪናውን እኔ እችላለሁ" አለ። ቅን ልጅ ነው።

ሄጄ ጠየቅኳቸው። ስለ ምግቡም ስለ አልጋውም አልጠየቁኝም። "እዚያ ሺናሽኛ የሚሰማ ሰው አለ?" አሉኝ።

የገበያ አማርኛ ይችላሉ። ግን ሰው ሲያረጅ፣ በተለይ የመርሳት በሽታ ሲይዘው፣ በኋላ የተማረው ቋንቋ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይሄዳል፤ የእናቱ ቋንቋ ይቀራል። ነገ "ወገቤን አመመኝ፣ አዙሩኝ" የሚሉት በሺናሽኛ ነው። የሚሰማ ከሌለ "አሮጊቷ ትለፈልፋለች" ይባላሉ። ጉሙዝኛ ብቻ ለሚናገር ሰው ደግሞ ይብስበታል። ይሄ ጥያቄ ፎቅ ያለውም የሌለውም ማዕከል የሚመልሰው ነው።

ለልጁ መልስ ከመስጠቴ በፊት ነርስ የሆኑ ተማሪዎቼን አማከርኩ። ከነሱ የሰማሁትን እዚህ አስቀምጠዋለሁ፤ ነገ እናንተም ያስፈልጋችኋል።

መጀመሪያ ሌሊቱ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ በአንድ ክፍል ውስጥ ለስንት ሰው ስንት ተንከባካቢ ነቅቶ አለ? ራሱ መገላበጥ የማይችል ሰው በየሁለት ሰዓቱ ገደማ መዞር አለበት፤ አለዚያ ዳሌው፣ ተረከዙ፣ ከወገቡ ሥር ያለው አጥንት ላይ ይቆስላል። ይሄ ቁስል እስከ አጥንት ይገባል፣ ይገድላልም። ስለዚህ "እዚህ ከገቡ በኋላ የቆሰሉ ስንት ሰዎች አሉ?" ብላችሁ ጠይቁ። ጥሩ ቤት ቁጥሩን ያውቀዋል፣ ይነግራችኋልም። "ኧረ እኛ ጋ የለም" ብሎ የሚቆጣን ግን ተጠራጠሩ። ብዙ ሰው አልጋ ላይ የዋለበት ቤት አንድም ቁስል የለም ማለት ለማመን ይከብዳል።

ሁለተኛው ውሃና ሽንት ነው፤ አንድ ላይ ነው የሚሄዱት። ሰው ሲያረጅ ጥሙ ይቀንሳል። በዚያ ላይ ሽንት ቤት የሚወስደው ሰው እንደማያገኝ ካወቀ ሆን ብሎ አይጠጣም። ደግፈው ቢወስዱት ሄዶ መቀመጥ የሚችልን ሰው ለአያያዝ እንዲመች ብቻ ቀኑን ሙሉ ፓምፐርስ ማልበስ እንክብካቤ አይባልም። በወር ውስጥ መራመዱን ያጣዋል። ይሄን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ ሲገባ ይራመድ ነበር ወይ፣ ዛሬስ ይራመዳል ወይ ብሎ መጠየቅ ይበቃል።

ሌላው ትንሽ የሚመስል ነገር ነው፤ ምርጫ። መቼ ይነሳሉ? ይጾማሉ ወይ ተብለው ተጠይቀዋል? ሙስሊሙ የሚሰግድበት ጥግ አለው? እኚህ እናት ጀበናቸውን ይዘው መግባት ይችላሉ? ዕድሜ ልኳን ቡና ስታፈላና ጎረቤት ስትጠራ የኖረች ሴት በፕላስቲክ ኩባያ የተቀዳ ሻይ ይዛ አልጋ ጫፍ ላይ ስትቀመጥ ምን እንዳጣች ኬክ ይዞ የሚመጣው ጎብኚ አያይም።

ካሜራውን በተመለከተ አጭር ነው። ያ ፊት የሰው ነው። ሳይጠየቅ አይቀረጽ። እሺ ቢልም የት እንደሚታይ ተነግሮት ይሁን።

"የፈረንጅ ቅንጦት" እንዳትሉኝ። ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 ላይ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ይላል። የአፍሪካ ኅብረት የአረጋውያን መብት ፕሮቶኮል እ.ኤ.አ ጥር 2016 እዚሁ አዲስ አበባ ነው የጸደቀው፤ ኢትዮጵያም ተቀብላዋለች። አንቀጽ 11 በቀጥታ ስለ ማዕከላት ነው፦ ማዕከል መግባት በአረጋዊው ምርጫ ይሁን፣ አቅምን ያገናዘበ ይሁን፣ አገራዊ አነስተኛ መስፈርት ያሟላ ይሁን። "በምርጫ" የምትለዋን ቃል አስምሩባት።

አሁን ደግሞ ወደ እኛው ቤት። "በባህላችን ወላጅ አይጣልም፣ ማዕከል ምን ያደርጋል" የሚሉ አሉ። ባህል ሰው አይገለብጥም። ከላይ የጻፍኩትን ጥያቄ ሁሉ ወደየቤታችን አዙሩት እስቲ። ጓሮ ባለች ክፍል በር ተዘግቶባቸው የሚውሉ አባቶችን እዚህ ቡለን ውስጥ አላየሁም የሚል ካለ ይምጣና እንነጋገር። ቤተሰቡ ክፉ ሆኖ ላይሆን ይችላል፤ ገበሬ ነው፣ ጠዋት ወጥቶ ማታ ይገባል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቤት ለቤት ትሄዳለች፣ ሥራዋ ግን በዋናነት እናቶችና ሕፃናት ላይ ነው። እድራችን ለሞተ ሰው ድንኳን ይተክላል፤ አልጋ ላይ ለዋለ ሰው ግን ተራ ገብቶ ውሃ የሚያጠጣ እድር እስካሁን አላየሁም። ይሄ ሊሆን የማይችል ነገር አይደለም። ለለቅሶ ተራ የሚያወጣ ሕዝብ ለዚህ ተራ ማውጣት አያቅተውም።

ለልጁ የመለስኩለት ይሄን ነው፦ መኪናውን ለጊዜው አቆየው። መጀመሪያ አንተ ራስህ ሳትነግራቸው ማታ ሂድ፤ አያስገቡህም ይሆናል፣ ግን ለምን እንደማያስገቡ የሚሰጡህን መልስ ስማ። ቋንቋቸውን የሚሰማ ሰው መኖሩን አጣራ። ከሌለ ለመኪናው ያሰብከው ብር እዚሁ ለምትጠብቃቸው የጎረቤት ልጅ የጥቂት ወር ክፍያ ይሆናል። እሳቸውም በዚህ ተስማምተዋል፤ "ጀበናዬ እዚህ ነው" ነው ያሉት።

በአረጋውያን ማዕከል ውስጥ የምትሠሩ ወይም በበጎ ፈቃድ የምታገለግሉ ተማሪዎቼ ካላችሁ፣ በተለይ ሺናሽኛ ወይም ጉሙዝኛ የምትችሉ፣ ኢንቦክስ ጻፉልኝ። የሌሊት ተረኛ ስንት እንደሆናችሁና በስንት ሰዓት እንደምታዞሩ ብቻ ንገሩኝ። የተቋሙን ስም አልፈልግም።