እጮኛህን ውሰድ፣ ውሻህን ተው!

የዚህን ሳምንት ደብዳቤ ሳነብ ስቄአለሁ። «ከእጮኛዬ ጋር ባሌ ልንወጣ ነው። ቀይ ቀበሮ ማየት ትፈልጋለች። ውሻዬንም እወስዳለሁ፤ ያለእኔ እህል አይቀምስም። ምን ትመክሩኛላችሁ?» ይላል።

ወንድሜ፣ እጮኛህን ውሰድ። ውሻህን ግን እናትህ ጋ ተወው!

ሰኔቲ ላይ ያሳለፍኩትን አንድ ምሽት ላጫውትህ። ከጎባ በመኪና ሽቅብ ወጥተን 4,000 ሜትር ከፍታ ላይ ደረስን። ብርዱን አታንሳው! ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ ከአስጎብኚያችን ጋር በእግር መንሸራሸር ጀመርን። ጅብራው በየቦታው እንደ ሰው ቆሟል። መጀመሪያ ያየነው አንድ ብቻውን ነው፤ ቀይ፣ ጉሮሮው ነጭ፣ ቅልጥሙ ረጅም። (ቀበሮ እንበለው እንጂ ዘመዱስ ተኩላ ነው አሉ።) የፍልፈል ጉድጓድ አፍ ላይ አድፍጧል። ጠበቀ፣ ጠበቀ... ዘለለና ሳተ! አፈሩን አራግፎ እንዳልሰማ ሄደ።

ቀይ ቀበሮ ቀን ቀን ለየብቻው ያድናል። ማታ ግን ቤተሰቡ ይሰበሰባል። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ከየአቅጣጫው መጡ፤ ስድስት ቆጠርኩ። ጆሮአቸውን አጣጥፈው፣ ጭራቸውን እየቆሉ፣ እያለቃቀሱ አፍ ለአፍ ይላላሳሉ። ዓመት የተለያዩ ነው የሚመስሉት! ከዚያ ተከታትለው ድንበራቸውን ሊያስሱ ሄዱ። እውነቴን ነው፣ ከመካከላችን አንድም ሰው ቃል አልወጣውም።

ታዲያ የውሻህ ነገር እዚህ ላይ ነው የሚመጣው። የእብድ ውሻ በሽታ በምራቅ ነው የሚተላለፈው። አንዷ ቀበሮ ከውሻ ከያዛት፣ ያ የምሽት መላላስና መነካካት በሽታውን ለቤተሰቡ ያዳርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 ዌብ ሸለቆ ገብቶ በሽታው ከደረሰባቸው ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ጨርሷል። በዓለም ላይ ያሉት ሁሉ ተደምረው 500 ገደማ ቢሆኑ ነው፤ ሁሉም ኢትዮጵያ ውስጥ፣ ከግማሽ በላይ ደግሞ ባሌ።

«ውሻዬ እኮ ተከትቧል» ትለኝ ይሆናል። ጎሽ! ግን የእብድ ውሻ ክትባት ዲስተምፐር የሚባለውን ሌላውን የውሻ በሽታ አይከላከልም። እሱም ባሌ ላይ ቀበሮ ፈጅቷል። የእረኛው ውሻስ? ካልከኝ፣ እረኛው ጅብ አለበት፤ ውሻውን ለጌጥ አልያዘም። የእሱን ውሻ ለመከተብ ስንት ሰው ብርድ ላይ ይንከራተታል፤ አንተ ደግሞ ከአዲስ አበባ ሌላ ትጨምራለህ?

ለማንኛውም ጋቢ፣ ወፍራም ካልሲና የርቀት መነጽር ያዙ። የመጀመሪያውን ሌሊት ጎባ ወይም ዲንሾ እደሩ፤ ከፍታው ራስ ያዞራል፣ መጠጥ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ለፎቶ ብላችሁ አታሳድዱ። ዳቦም አጥንትም አትወርውሩ፣ ሰው የለመደ ቀበሮ መንገድ ዳር ውሎ መኪና ይበላዋል። እጮኛህ ብርድ ካላት ጋቢውን ስጣት፤ ይህንንስ እኔ አልነግርህም።

ውሻህ ያለአንተ አልበላም ካለ ደግሞ እናትህ ወጥ የነካው እንጀራ ያቅርቡለት። ሁለተኛው ቀን ላይ ስምህንም አያስታውስ።

ሳምንት በሰላም ያገናኘን!