ያልተመዘነው ሲመሰክር

የሕፃናት ልቡና የሚሳለው በታላላቅ መጻሕፍት ብቻ ነው ብለው የሚያምኑ ወላጆችና መምህራን፣ ዘጠኝ የክብሪት ቀፎና አንድ ሚዛን በልጅ አእምሮ ላይ የሚሠሩትን ሥራ ቀርበው ቢመለከቱ ኖሮ፣ መሣሪያ አጣን ብለው ባላዘኑም ነበር።

ቀፎዎቹ ምስር ይሞላሉ፤ ስምንቱ በክብደት ሲተካከሉ አንዱ ጥቂት ፍሬ ጎድሎበት ይቀላል፤ በዓይን ሲያዩዋቸው ግን ልዩነት የላቸውም። ሚዛኑም ከቀጥተኛ ዘንግ፣ ከሲባጎና ከሁለት የጣሳ ክዳን ይሠራል። ቀላሉን በ2 ምዘና ብቻ ለዩ ሲባሉ ልጆች ብዙውን ጊዜ 4 በ4 አድርገው ይጭናሉ፤ በዚህ መንገድ ግን ዕድል ካልረዳቸው በቀር ሦስተኛ ምዘና ሳይጨምሩ አይደርሱበትም። መፍትሔው 3ቱን በአንድ ወገን፣ 3ቱን በሌላው ወገን ጭኖ የቀሩትን 3 መሬት ላይ መተው ነው፤ ሚዛኑ ካዘነበለ ቀላሉ ከፍ ባለው ወገን አለ፣ እኩል ከቆመ ግን ሚዛን ላይ ያልወጣው ክፍል ቀላሉን እንደ ያዘ ያለ ጥርጥር ይታወቃል፤ ከዚያም ከ3ቱ አንዱን ከአንዱ ጋር መዝኖ መፍረድ ነው። ያልተመዘነው ነገር ስለ ራሱ ምስክርነት መስጠቱን ሕፃኑ በገዛ እጁ ሲደርስበት፣ ሊቃውንት በብዙ ሐተታ የሚያስረዱትን የሎጂክ ምሥጢር ጨበጠ ማለት ነው። በዚሁ ሥርዓት 27 ቀፎ በ3፣ 81 ቀፎ በ4 ምዘና ይለያል።

ነብሩ ፍየሏን፣ ፍየሏም ቅጠሉን እንዳይበሉ እየጠበቁ ሦስቱን አንድ በአንድ ወንዝ የማሻገር ጥያቄም የዚሁ ወገን ነው፤ በ804 እ.ኤ.አ. ያረፈው የዮርኩ ሊቅ አልኩዊን እንደ ደረሰው በሚነገርለት መድበል ውስጥ በተኩላ፣ በፍየልና በጎመን ተመስሎ ይገኛል። ቁልፉ የተሻገረችውን ፍየል መልሶ ማምጣት ነውና፣ የሠራውን ማፍረስ የሚከብደው ልቡና እዚያው ላይ ይቆማል።

በእንቆቅልሽ ሥርዓታችን ያልመለሰ ልጅ «አገር ስጠኝ» ሲባል አገሩን ሰጥቶ መልሱን ወዲያው ይቀበላል፤ ይህ ልማድ ለቃል ጨዋታ የሚያምር ቢሆንም፣ በሐሳብ ቅደም ተከተል ለሚፈታ ጥያቄ ግን የምርምርን በር ይዘጋልና እዚህ ላይ ሊፈቀድ አይገባም። በግምት ትክክለኛውን ቀፎ ያነሣም ልጅ ምክንያቱን ካላስረዳ ዕድለኛ እንጂ ዐዋቂ አይደለም። ስለዚህ የአንደኛ ደረጃ መምህራን በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ለዚህ እንዲለዩ፣ ወላጆችም ልጁ ሲዘገይ መልሱን ከመንገር እንዲታገሡ አጥብቄ እለምናለሁ።