ሟቹ ካፒቴን ጥሩ ሪፖርተር ነበር

«አንተ ደግሞ ጋዜጠኝነት እየተማርክ የደም መጣጭ ፊልም ታያለህ?» አለኝ የዶርም ጓደኛዬ። የዚያን ዕለት መልስ አልነበረኝም። አሁን ግን አለኝ። ይህችን ጽሑፍ ይዤ ብቅ ያልኩትም ለዚሁ ነው።

ፊልሙ «የዲሜትር የመጨረሻ ጉዞ» ይሰኛል። ኖርዌያዊው ዳይሬክተር አንድሬ ኦቭረዳል ሠርቶት እ.ኤ.አ. በ2023 ለእይታ በቃ። ታሪኩ የተወሰደው እ.ኤ.አ. በ1897 ከታተመው የብራም ስቶከር ልቦለድ ከ«ድራኩላ» ነው፤ ያውም ከአንድ ምዕራፍ ብቻ። ዲሜትር የምትባል መርከብ ከቡልጋሪያዋ የቫርና ወደብ ተነስታ ወደ እንግሊዝ ትጓዛለች። አፈር ከሞሉት ሳጥኖቿ በአንዱ ውስጥ ድራኩላ አለ። ማታ ማታ እየወጣ መርከበኞቹን አንድ በአንድ ይጨርሳቸዋል።

ብዙዎቹ ጓደኞቼ ፊልሙን አልወደዱትም። «ገና ሲጀምር የመርከቧን ስብርባሪ ካሳየን ምኑ ያጓጓል?» ነው ክርክራቸው። በበኩሌ ድክመቱ ሌላ ነው እላለሁ። ፊልሙ አውሬውን አብዝቶ አሳየን፤ መጽሐፉ ላይ እኔን በጣም ያስፈራኝን ነገር ግን ዳር አስያዘው። እሱም የካፒቴኑ መዝገብ ነው።

እስቲ ልብ በሉ። በመጽሐፉ ካፒቴኑ ነገሩ እንግዳ ሲሆንበት፣ ወደብ እስክንደርስ ድረስ ሁሉንም በትክክል እመዘግባለሁ ብሎ ሐምሌ 18 በፈረንጆቹ ይጀምራል። ኦልጋሬን የተባለ መርከበኛ መጥቶ ከእኛ ወገን ያልሆነ ረጅም ቀጭን ሰው አየሁ ሲለው፣ «ኦልጋሬን እንዲህ አለኝ» ብሎ ነው የሚጽፈው። ከዚያ ራሱ ሰዎቹን ይዞ መርከቧን ጥግ ድረስ ይፈትሻል። ከሳጥኖቹ በቀር ምንም አላገኘም፤ ምንም አላገኘንም ብሎ ይጽፋል። የሰማውን የሰማሁት፣ ያየውን ያየሁት ይላል። እኛ ሁለት ሴሚስተር የተማርነው ይሄንኑ አይደለም እንዴ?

መጨረሻው ይብሳል። ማዕበሉ መርከቧን ዊትቢ በምትባል የእንግሊዝ የባሕር ዳር ከተማ ሲጥላት፣ ካፒቴኑ እጆቹ ከመሪው ጋር እንደታሰሩ ሞቶ ተገኘ። የመዝገቡ ተጨማሪ ወረቀት በጠርሙስ ታሽጎ ኪሱ ውስጥ ነበር። መርከቧ ላይ የነበሩት ዘጠኝ ሰዎች ናቸው፤ ስምንቱ የሉም። ያ መዝገብ ባይኖር ኖሮ ስምንቱን ማን ገደላቸው ይባል ነበር? እሱው ነዋ! የምርመራው ውሳኔ እንኳ ጉዳዩን ክፍት አድርጎ ነው የተወው። የከተማው ሕዝብ ግን እንደ ጀግና ቆጥሮ በክብር ቀበረው። ይህን ክብር ያስገኘለት ብዕሩ ነው።

ሌላም አለ። ስቶከር መዝገቡን የሚያስነብበን እንደ ጋዜጣ ዜና አድርጎ ነው። የልቦለዱ ዘጋቢ መዝገቡን የተረጎመለት የሩሲያ ቆንስላ ጸሐፊ መሆኑን፣ ጊዜም እንዳጠራቸው ለአንባቢው ይናገራል፤ በጥንቃቄ አንብቡት ማለቱ ነው። ስቶከር ራሱም መነሻ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1885 ዲሚትሪ የምትባል የሩሲያ መርከብ ከናርቫ ወደብ መጥታ እዚያው ዊትቢ አሸዋ ላይ ወጥታ ቀርታለች። እሱ እ.ኤ.አ. በ1890 ለዕረፍት ሄዶ ታሪኳን አጣርቶ በማስታወሻው ያዘ። ናርቫን ፊደሏን ብታለዋውጡት ቫርና ይሆናል።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ፤ ማፈሬ ባይቀርም። ባለፈው ሴሚስተር ለሪፖርቲንግ ኮርስ አንድ ካፌ ላይ ስለተነሳ እሳት ዜና ጻፍኩ። እኔ የደረስኩት እሳቱ ከጠፋ በኋላ ነው። ቢሆንም «እሳቱ በቅጽበት ተዛመተ፣ ሰዎች እየጮኹ ወጡ» ብዬ አሳመርኩት። መምህራችን በቀይ እስክሪብቶ አክብበው «ማን አየ?» ብለው መለሱልኝ። ውጤቱን አልነግራችሁም። ለሳምንት አኮረፍኩ። ስንት ሰው አንድ ቃል እየጨመረ በሚያወራበት ጊዜ የኔ ሁለት መስመር ምን ያደርጋል ብዬ ነበር። የካፌው ባለቤት ግን በዚያ ዜና «ሰው ሲጮህ ዝም ያለ» ተብሎ ሊታማ ይችል ነበር። ይሄ የገባኝ ያንን ካፒቴን ካነበብኩ በኋላ ነው።

ስለዚህ ፊልሙን እዩት፤ ምዕራፉን ግን ሳታነቡ አትለፉ። መምህራኖቻችንም ቢፈቅዱ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የሪፖርቲንግ ትምህርት ማስጀመሪያ ቢያደርጉት ደስ ይለኛል። እኔ ከዚያ ወዲህ ማስታወሻ ደብተሬን ለሁለት ከፍዬዋለሁ፤ በግራ ያየሁት፣ በቀኝ የሰማሁት። እስካሁን የቀኙ ገጽ ነው ቶሎ ቶሎ የሚሞላው።